በልጅ ልጄ አፍ ለላካችሁልኝ መርዶ የቀረበ ምስጋና

ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅጅጋ

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ መምህርት ፈትያ ናት፤ ቃሉ የእኔ የገብረክርስቶስ እንግዳው ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምናገረው አፍሬበት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ቢጽፍ ማን ያርስ ነበር? እንግዲህ ጽሕፈቱ ካማረ ምስጋናው የእሷ ነው፤ ቃሉ ከጎረበጠ ጥፋቱ የእኔ ነውና እሷን እንዳትቀየሙብኝ። አንዳንድ ቦታ ላይ «አባባ፣ ይሄ ቃል ለባለሥልጣን አይጻፍም» ብላ ብዕሯን ታነሣለች፤ እኔም ዝም ብዬ እጠብቃታለሁ፤ ሲደክማት ትጽፈዋለች።

ለተከበሩ አቶ ዐብዲራሺድ
የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? በጤናዎ፣ በሥራዎ፣ በቤትዎ በጎ ነዎት ወይ? ልጆችዎስ እንደምን አሉ? እኔ ለጤናዎ የምጸልየው ከልቤ ነው። ምክንያቱም እርስዎን ያመመዎ ዕለት ሐኪሙ ፊት ለፊትዎ ተቀምጦ፣ እናትዎ ባስተማሩዎ ቋንቋ፣ ለእርስዎ ለራስዎ ይነግርዎታል፤ ታናሽ ልጅዎ መሐል ገብታ «አባቴ፣ ትሞታለህ ተብለሃል» እንድትልዎ አይጠበቅባትም። ይህን ጸጋ እኛ እግዚአብሔር የምንለው፣ እርስዎ አላህ የሚሉት ጌታ አብዝቶ ያቆይልዎ።

የሆስፒታሉን ስም በዚህ ወረቀት ላይ እንዳልጠራ ፈትያ መክራኛለች። አልጠራሁም። እርስዎ ያውቁታል፤ የበሩ ጥበቃም ያውቀዋል፤ ይበቃል።

ማን መሆኔን ልንገርዎ። የወረኢሉ ሰው ነኝ። በ2014 መጀመሪያ አገሩ ሲታመስ ባለቤቴን ወለተሐናን ይዤ፣ ልጄ ቀናው ቀድሞ ወደመጣበት ወደ ጅጅጋ መጣሁ። ቀናው ግንበኛ ነው። ዘንድሮ ጉናጋዶ ላይ ትምህርት ቤት እየሠሩ ነው፤ ሚስቱም እዚያው ለሠራተኛው ወጥ ትሠራለች፤ በሁለት ወር አንዴ ብቅ ይላሉ። ከእኛ ከሁለቱ አሮጌዎች ጋር የምትኖረው ልጃቸው ገሊላ ናት። በአምስት ዓመቷ እዚህ መጥታ አሁን አሥራ ሁለት ሞልቷታል። ሶማሊኛውን ከሠፈር ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል ነው የለቀመችው። እኔ ግን በስተርጅና ምላሴ አልታጠፍ ብሎኝ ከ«ሃ» እና ከ«ማያ»፣ ማለትም ከአዎና ከአይደለም፣ አላለፍኩም።

ስለዚህ በዚህ ከተማ የእኔ ጆሮ ገሊላ ናት። ውኃ ቢሮ እሷ ናት፤ ቀበሌ እሷ ናት፤ ለባጃጁ የምንወርድበትን የምትነግረው እሷ፣ አከራያችን «ይህ ግድግዳ ለምን ተሰነጠቀ?» ሲል መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። ወተት የምታመጣልን ኩልሚዬ ጾም ሲገባ ለምን ወተት እንደምናቆም የምታስረዳት፣ እኔን ደግሞ ለማላውቃት ሴት እጄን ለሰላምታ እንዳልዘረጋ በእጅጌዬ ይዛ የምትመልሰኝ እሷው ናት። በጅጅጋ ከእኔ ጋር የሚነጋገር ባለሥልጣን ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚነጋገረው፤ እኔ እንደ ቋሚ እንጨት ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ነገሩ ከወገቤ በታች ያልቃል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ጠበቃ ይዞ እንደሚሄድ ሀብታም ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄድ።

አሁን ምስጋናዬን በጣቴ እየቆጠርኩ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ኅዳር 5 ቀን ባለቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ወደ እናንተ ባመጣናት ጊዜ ስለተደረገልን መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ካርድ ክፍሉ በሶማሊኛ ጠየቀን። ሐኪሙ ዶክተር ዐብዲዐዚዝ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ጨዋ ወጣት ነው፤ እሱም አማርኛ አይሰማም። አይፈረድበትም፤ እኔም የእሱን አልሰማም፤ በዚህ እኩል ነን። ልዩነታችን እሱ ወንበርና ነርስ ያለው፣ እኔ አንዲት ሕፃን ያለችኝ መሆኑ ብቻ ነው። በእርግጥ ሶማሊኛ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ከሠፈሬ ይዤ መምጣት እችል ነበር፤ ለሚስቴ ጡት ጎረቤት አይጠራም ብዬ ኮራሁ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ እሸከመዋለሁ።

እናንተ ደግሞ ልጅ ናት ብላችሁ አላሳነሳችኋትም። ለትልቅ ሰው የሚጠየቀውን ሁሉ በእሷ በኩል ጠየቃችሁ። ስንት ወለድሽ? ስንቱ ሞተብሽ? የወር አበባሽ መቼ ተቋረጠ? ወለተሐና በአርባ ስድስት ዓመት ትዳራችን በእኔ ጆሮ ያልተናገረችውን ለልጅ ልጇ መለሰች። እኛ ሁለት ሕፃናት ቀብረናል። በቤታችን ስማቸው አይነሣም፤ ገሊላ መኖራቸውንም አታውቅም ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ሰማች። ሰምታም ለዶክተሩ መጀመሪያ ሰባት ጣት፣ ቀጥላ ሁለት ጣት ስታሳየው አየሁ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ጣሪያውን አይ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ከልብ እናመሰግናለን፤ በትምህርት ቤቷ ይህን ምዕራፍ ገና አልደረሱበትም።

ሁለተኛ። በዚያው ዕለት ዶክተሩ ረዥም ነገር ተናገረ። ገሊላ አልተረጎመችም፤ መልሳ ጠየቀችው። ደግሞ ተናገረ። ደግማ ጠየቀችው። በሦስተኛው ፊቷ ላይ የወረደውን ነገር እኔ ድካም መሰለኝ። ወደ እኛ ዞራ «ደህና ናት ብሏል፤ ኪኒኑን ትዋጥ፤ ደግሞ እንመለሳለን» አለች። ያ ሁሉ ንግግር በዚህች ማለቁ አልከነከነኝም፤ ሶማሊኛ ረዥም ቋንቋ ነው ብዬ ተውኩት። ዶክተሩም በእንግሊዝኛ ወረቀት ጽፎ ሰጠ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። ጎበዝ ለማለት ራሷን ዳሰሳት። ወለተሐና «ተመስገን» ብላ በመንገዳችን ላይ ለልጅቱ ብስኩት ገዛችላት። ገሊላ አልበላችውም።

ዶክተሩ የተናገረው፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ ይህ ነበር፦ እብጠቱ ክፉ ዓይነት ነው፤ ወር ሳይሞላ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፤ ከዘገየ ወደ ሌላው አካል ይዛመታል፤ ያኔ ማንም አያድናትም።

ልጅቱ ይህን ቃል ሃያ ሦስት ቀን ብቻዋን ይዛው ዞረች። የወሩን ቀሪ እርስዎ ያስሉት፤ የተማሩት እርስዎ ነዎት።

ለምን ዝም አለች ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ምስጋና ለእናንተ ሳይሆን ለራሴ ነው፤ ቁጥር አልሰጠውም። ፈትያ «ይሄን ግድ የለም እንተወው» ብላኛለች፤ አልተውም፤ ትጻፈው።

አምና በፍልሰታ ታናሽ ወንድሜ እሸቴ አገር ቤት ሞተ። ስልኩን ያነሣችው ገሊላ ናት። ልጅ አይደለች? ሮጣ መጥታ፣ ጉርሻው አፌ ሳይደርስ፣ «አባባ፣ ጋሽ እሸቴ ሞተዋል አሉ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ በእኛ ወግ መርዶ እንደዚያ አይነገርም። መርዶ ሽማግሌ ይሰበሰብለታል። ሊነጋጋ ሲል፣ ባለ ሐዘኑ ከቤት ሳይወጣ፣ የሚደግፈው የቅርብ ሰው አጠገቡ መኖሩ ታይቶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተኪዶ ነው የሚነገረው። በስልክ አይነገርም። በልጅ አፍማ ጨርሶ አይሞከርም። እኔም ከወንድሜ ሞት ይልቅ በአነጋገሯ ተቆጣሁ። አለንጋ አላነሣሁም፤ ምላሴን ግን አነሣሁ። «መርዶ የሽማግሌ ነው! ልጅ ክፉ ወሬ ይዞ ሽማግሌ ፊት አይቆምም! ሁለተኛ እንዳልሰማ!» ብዬ ጮኽኩባት። ለቅሶ የመጣውም ሁሉ ተቀበለኝና አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ መከራት። ገሊላ አንዴ የነገሯትን የማትረሳ ልጅ ናት። አስተማሪዋም ይህንኑ ትመሰክራለች፤ አስተማሪዋ ይህችው የምትጽፈው ናት።

እንግዲህ እናንተ የሞት ወሬ ስታሸክሟት እሷ ሕጉን ታውቀው ነበር። ሞት የሚል ቃል አንዴ ከገባ በኋላ በልጅ ጆሮ ውስጥ ለሌላ ቃል ቦታ አይተርፍም፤ «ቶሎ ከመጣች ትድናለች» የሚለው ከውጭ ቀረ። መርዶ ነው ብላ ያዘችው። መርዶ ከሆነ ደግሞ ልጅ አትናገረውም፤ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ የሚደግፈን የቅርብ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አባቷ ነው። አባቷ ለኅዳር ጽዮን እመጣለሁ ብሎ ነበር። ደውላ እንዳትነግረው፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጠበቀችው። ሲሚንቶ ዘግይቶባቸው ጽዮን አለፈች፤ ቀናው አልመጣም። እሷ ቀን ትቆጥራለች፤ እኛ «ይህች ልጅ ምነው ጭምት ሆነች፣ አደገች መሰለኝ» እያልን እንሥቃለን። ማታ ማታ የአያቷን ኪኒን ከነውኃው የምታቀርበው እሷ ነበረች።

የዕድራችን ዳኛ አቶ የኋላሸት ልብስ ሰፊ ነው። አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሶማሊኛን ከእናት ቋንቋው እኩል የሚናገር የከተማው ልጅ ነው። ገሊላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ገብታ «ጋሼ፣ መርዶ ለመንገር ስንት ሽማግሌ ይበቃል?» ብላ ጠየቀችው። የቤት ሥራ መሰለውና መርፌው ላይ ክር እየሰካ «ሦስት ደህና ነው» አላት። በደብተሯ ጻፈችው። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣችና «ጋሼ፣ እንግዲያው ሦስት ሆናችሁ እኛ ቤት ኑ» አለችው። ማን ሞቶ ቢላት «እማማ» አለች። መቼ ቢላት «ገና ናት፤ ወረቀቷ ግን ይኸው» ብላ ከሳይንስ ደብተሯ ውስጥ የዶክተሩን ወረቀት አወጣች። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ወደ ፈትያ በረረ። አነበበችለት። ማታውን ሁለቱም እህል አልቀመሱም።

ኅዳር 28 ቀን ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። የኋላሸት ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ቆሟል፤ አንደኛው፣ ተሻለ የሚባለው የዕድራችን ሰው፣ ነገሩ በደንብ ሳይገባው ነጠላውን ለሐዘን ዘቅዝቆ መጥቷል። ሦስት ሽማግሌ፣ በዚያ ሰዓት፣ ያ ነጠላ። ልጄ ቀናው ከመወጣጫው ወድቆ ሞተ ብዬ ደመደምኩ። ክቡርነትዎ፣ እኔ መድፍ ሲያጓራ በሬዎቼን ከቀንበር ፈትቼ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ረጋ ብዬ ከአገሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያን ጠዋት ግን መቃኑን ይዤ ነው የቆምኩት፤ ሽንቴን መቆጣጠሬንም እንጃ። ፈትያ ይህንንም ትጻፈው።

ወለተሐና ከጓዳ ወጥታ «ማን ሞቶብን ነው?» አለች። ሦስቱም መሬት መሬት አዩ። እነሱን አየች፤ እኔን አየች፤ ደብተሯን አቅፋ ጥግ የቆመችውን ልጅ አየች። እጇን ጡቷ ላይ አደረገች። ቀጥላ «አያ ተሻለ፣ ነጠላህን አስተካክል እንጂ፤ እኔ እኮ አለሁ» አለችው። ሰውየው እፍረቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ ዛሬም በበራችን ሲያልፍ ነጠላውን እያየ ነው።

ሦስተኛ። ለምስጢር ጠባቂነታችሁ የማቀርበው ምስጋና ነው። ሰኞ ዕለት፣ ማለት ትናንት፣ ኩራቴን ውጬ አቶ የኋላሸትን አስከትለን መጣን። የበሩ ጥበቃ እሱን አስቆመው፤ «የሕመምተኛ ምስጢር ነው፤ ከቤተሰብ ውጭ አይገባም» አለ። ደግ ሕግ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈውን፣ የሠፈሩን ሁሉ ጉድ በሆዱ ይዞ የሚኖረውን የዕድር ዳኛ ከበር መለሳችሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ቤተሰብ ናትና ትገባለች። መቼም ምስጢራችሁን ከሳይንስ ደብተር የተሻለ የሚጠብቅ ካዝና አታገኙም፤ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልሾለከም።

እኔና ወለተሐና ብቻችንን ገብተን እንደ ዲዳ ቆምን። ዶክተሩ አልነበረም። ነርሷ በሶማሊኛ ነገረችን፤ ዓይን ዓይኗን አየናት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችልን፤ ድምፅ ሲጨምር ቋንቋ የሚገባ መስሏት ይሆናል፤ እኔም ለኩልሚዬ በአማርኛ የማደርገው ይህንኑ ስለሆነ አልተቀየምኳትም። በመጨረሻ እስከ በሩ ድረስ ሄዳ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ እየሰማ፣ ውጭ ለቆመው ለየኋላሸት የሚስቴን ጡት ነገር ዘረዘረችለት። እሱ መግባት አይችልም እንጂ ምስጢሩ መውጣት ይችላል ማለት ነው። የተባለው እንዲህ ነው፦ ሐሙስ ዶክተሩ ይኖራል፤ የቀዶ ጥገናው አደጋ ይነገራችኋል፤ ትፈርማላችሁ፤ ቅዳሜ ይሠራላታል። «ያቺን ጎበዝ ልጅ ይዛችሁ ኑ፤ ነገሩን እሷ ታውቀዋለች።»

ቅዳሜ ወሩ የሚሞላበት ቀን ነው። ስለ ቀጠሮው አመሰግናለሁ፤ ይህን ስል እንኳ አልቀለድኩም።

አራተኛ ወይስ አምስተኛ? ፈትያ አራተኛ ነው ትላለች።

አራተኛ። ገሊላ ሶማሊኛ አቁማለች። ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም። የሠፈሩ ልጆች በገመዳቸው መጥተው ሲጠሯት ከበር ወደ ኋላ ትሸሻለች። ኩልሚዬ ጾም መሆናችንን ስለምታውቅ ትናንት ባዶ እጇን ሰላም ልትለን መጥታ «ኢስካ ወራን፣ ገሊላ?» ስትላት፣ እንዴት ነሽ ስትላት ማለት ነው፣ ልጅቱ እንዳልሰማ ሰው ግድግዳ አየች። ኩልሚዬ በእጅም በእግርም ጠይቃ ነገሩን ተረዳች። ተረድታም በገበያ አማርኛዋ «ሐሙስ እኔ መጣ፤ ዘበኛ ጠየቀ፣ እህት ናት በለው» አለችኝ። እኔ ወለተሐናን የኩልሚዬ እህት ለማድረግ ዝግጁ ነኝ፤ መልካቸው ግን ለጥበቃችሁ የሚያሳምን አይመስለኝም።

ትናንት ከሆስፒታሉ ስንመለስ ገሊላ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። የተባለውን ከየኋላሸት ሰምታለች። እንዲህ አለችኝ፤ ፈትያ፣ ቃሏን እንዳለ ጻፊው፦ «አባባ፣ ሐሙስ ዶክተሩ እማማ ትሞታለች ካለ እኔ ልንገራት ወይስ ሽማግሌ ልጥራ?»

ሐሙስ ትምህርት ቤትሽ ትውያለሽ አልኳት።

ቀጥላ ደግሞ «የዘገየችው በእኔ ነው፤ ከሞተች ያስሩኛል?» አለች። አያስሩሽም አልኳት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። «አባባ ስለሆንክ ነው እንዲህ የምትለኝ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ። ለመፍራት ዕድሜዬ አልፏል ብዬ ነበር። የጠፋው ሃያ ሦስት ቀን በሚስቴ ሥጋ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደከረመ አላውቅም፤ እናንተም ሐሙስ ሳይደርስ አትነግሩኝም። ከዚያ የባሰ ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለኝ፤ ወለተሐና እንደኔ አርጅታለች፣ ሁላችንም ሟቾች ነን፤ ይህች ልጅ ግን ከእኛ በኋላ ስድሳ ዓመት ትኖራለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ አያቴን የገደልኳት እኔ ነኝ እያለች ብትኖርስ? ይህን ማን ቀዶ ያወጣላታል? ለዚህስ ቀጠሮ ትሰጣላችሁ?

እንግዲህ ልመናዬን ልናገር። እኔ ልመና አልወድም፤ ፈትያ «ጥያቄ» ብላ ጽፋዋለች፤ ይሁን።

ሐሙስ ዕለት ገሊላ ትምህርት ቤቷ ትውላለች። በእሷ ፋንታ አቶ የኋላሸት ከእኛ ጋር ይግባ፤ ወለተሐና ራሷ ፈቅዳለች፤ ከተፈለገ በጣቷ ትፈርማለች። እሱ አይሆንም ካላችሁ ከግቢያችሁ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው አስቀምጡልን። የለም እንዳትሉኝ። «እዚህ አትቀመጡ»፣ «ሰልፍ ያዙ»፣ «ነገ ኑ» የሚለውን በአማርኛ ያልነገረን ሠራተኛ በግቢው ውስጥ የለም፤ አማርኛ የሚጠፋው ነገሩ ስለ ሞትና ስለ ሕይወት ሲሆን ብቻ ነው። እኛ ብቻም አይደለንም፤ ከየአገሩ መጥቶ በልጁ አፍ የሚታከም ሰው በሰልፋችሁ ላይ ሞልቷል፤ የሚተረጉመውን ልጅ ቁመት ብቻ አይታችሁ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ለዶክተር ዐብዲዐዚዝ ነው። ሐሙስ ሥራውን ሲጨርስ፣ ልጅቱን ከሆስፒታሉ ውጭ፣ ነጭ ጋዋኑን አውልቆ፣ ለጥቂት ደቂቃ ያነጋግራት። እኔ አመጣታለሁ፤ የፈለገው ቦታ፤ ሻይ ቤትም ቢሆን ሻዩ በእኔ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ይበላት። እኔ ያልኩት አልሠራም፤ ቃሉን የሰጣት ሰው ነው መልሶ ሊወስድላት የሚችለው። በሶማሊኛ ይንገራት፤ ማንም አይተርጉምልኝ። እኔ ባልሰማውም ፊቷን አይቼ አውቀዋለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጥበቃችሁ ንቃት፣ ስለ ሕጋችሁ ጥብቅነት፣ በተለይም የልጅ ልጄን ያለ ደመወዝ፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ዕድሜ ገደብ በአስተርጓሚነት ስለመቀበላችሁ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ሐሙስ ጠዋት በራችሁ ላይ ከፀሐይ ቀድሜ እንደምቆም በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ሁሉ ጋር፣
በልጅ ተመርቶ የሚሄድ ዓይናማ፣
ገብረክርስቶስ እንግዳው
(ስሜን የጻፈችው ፈትያ ናት፤ አውራ ጣቱ የራሴ ነው)

ግልባጭ፦
ለዕድራችን፤
ለሆስፒታሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ለበሩ ጥበቃ፣ ከቤተሰብ ውጭ ስለሆነ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያነበው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ የሚሰጡኝ ከሆነ፣ ከቢሮዎ የሚወጣው ወረቀት በሶማሊኛ እንደሚሆን አውቃለሁ። በቤታችን ሶማሊኛ የምታነብ አንዲት ሰው ብቻ አለች፤ ማን እንደሆነች እናንተም ታውቋታላችሁ። ስለዚህ እባክዎ ወረቀት አይላኩብን። ሰው ይላኩ፤ ጢም ያበቀለ ይሁን።

በይ ፈትያ፣ አሁን መልሰሽ አንብቢልኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ገሊላን ጥሪያት። የምትተረጉሚው ነገር የለም በያት፤ አጠገቤ ትቀመጥና ትስማ ብቻ። እኔ የጮኽኩባት ቦታ ላይ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ አንብቢው።